የጄምስ ቦንድ ፊልሞች አዛዥ ማን ነው? ከአድናቂዎች ሙግት ጀርባ ያለው የውል ታሪክ

የብሪታንያዊው የፊልም ሰላይ የጄምስ ቦንድ አድናቂዎች ሲገናኙ የማይቀር ሙግት አለ። አንዱ «በሁለት ፊልም መካከል ስድስት ዓመት ያስጠብቁናል፤ እንዲህ ተይዞ እንዴት ይዘልቃል?» ይላል። ሌላው «በየዓመቱ እየተጣደፉ ቢያወጡት ኖሮ ይሄኔ ተሰልችቶ ቀርቶ ነበር» ብሎ ይመልስለታል። አንዱ ቀጣዩ ተዋናይ እገሌ ካልሆነ አላይም ብሎ ይምላል። ሌላዋ ደግሞ በ2021 በወጣው ፊልም ቦንድ እንዲሞት የፈቀዱትን ሰዎች እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክርክሩ መጦፉ አያስደንቅም። ከ1962 ጀምሮ 25 ፊልሞች ወጥተዋል፤ አያትም የልጅ ልጅም «የእኔ ቦንድ» የሚሉት የየራሳቸው ተዋናይ አላቸው።

እኔም ከተሟጋቾቹ አንዱ ነኝ። ክርክራችን ግን ብዙ ጊዜ በጣዕም ዙሪያ ይሽከረከራል፤ የዳይሬክተሩ ስልት፣ የተዋናዩ ዕድሜ፣ የታሪኩ ክብደት። እነዚህ ሁሉ የሚወሰኑት ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ውል ላይ። በፊልሙ ላይ «አይሆንም» የማለት መብት ያለው ማን ነው? መብቱ ከማን ወደ ማን ተላለፈ? ለሁለት ተከፍሎ በቆየባቸው ዓመታትስ ምን አመጣ? ይህን የተከታተለ ሰው፣ ግራ ያጋቡት የነበሩ ብዙ ነገሮች ይገለጡለታል።

ከመነሻው የተበታተነ መብት

ኢያን ፍሌሚንግ የመጀመሪያውን የቦንድ ልብ ወለድ «ካዚኖ ሮያል»ን ያሳተመው በ1953 ነው። ያን ጊዜ ቦንድ የት እንደሚደርስ ማንም አላወቀም፤ መብቱም በርካሽ ሄደ። የአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን በ1,000 ዶላር ገዝቶ በ1954 የአንድ ሰዓት ድራማ ሠራበት፤ በድራማው ላይ ቦንድ አሜሪካዊ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የፊልም መብቱን ግሪጎሪ ራቶፍ የተባለ ተዋናይና ዳይሬክተር በ6,000 ዶላር ወሰደው። ራቶፍ ፊልሙን ሳይሠራው በ1960 ሞተ። መብቱ ወደ ፕሮዲዩሰር ቻርልስ ፌልድማን ዞረ፤ እሱም በ1967 በቦንድ ላይ የሚቀልድ ኮሜዲ አደረገው። ዋነኞቹ የቦንድ ፊልም ሠሪዎች ይህን የመጀመሪያ መጽሐፍ ለመሥራት የሚያስችላቸው መብት የተገኘው በ1999፣ የእነሱ ስቱዲዮ ኤምጂኤም ሶኒ ከተባለው ሌላ ስቱዲዮ ጋር የነበረው ክስ በስምምነት ሲያልቅ ነው። «ካዚኖ ሮያል በትክክለኛ መልኩ ለመሠራት ለምን እስከ 2006 ቆየ?» ለሚለው የቆየ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ የባሰ ጣጣ አመጣ። በ1959 ፍሌሚንግ ኬቨን ማክሎሪ ከተባለ ፕሮዲዩሰርና ጃክ ዊቲንግሃም ከተባለ ጸሐፊ ጋር ለፊልም የሚሆን የቦንድ ታሪክ መጻፍ ጀመረ። ፊልሙ ሳይሳካ ቀረ። ፍሌሚንግ ግን ታሪኩን «ተንደርቦል» በሚል ርዕስ ልብ ወለድ አድርጎ በ1961 አሳተመው፤ የሁለቱን ሰዎች ስም አላነሳም። ማክሎሪ ከሰሰ። በ1963 በስምምነት ሲያልቅ የታሪኩ የፊልም መብት ለማክሎሪ ተሰጠ። በታሪኩ ውስጥ ደግሞ ስፔክተር የተባለው የወንጀለኞች ድርጅትና አለቃው ብሎፌልድ ነበሩበት። የቦንድ ትልቁ ጠላት ባለቤትነቱ የሚያከራክር ሆነ ማለት ነው።

ይህ ነገር ፊልሞቹ ውስጥ እንዴት እንደገባ ላሳያችሁ። በ1981 የወጣው «ፎር ዮር አይዝ ኦንሊ» ሲጀምር ራሰ በራ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ነጭ ድመት እየዳበሰ ይታያል። ቦንድ በሄሊኮፕተር አንጠልጥሎት ወስዶ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ውስጥ ይጥለዋል። ሰውየው ብሎፌልድ መሆኑን የማያውቅ አድናቂ የለም። በፊልሙ ግን ስሙ አንድ ጊዜ እንኳ አይጠራም፤ ፊቱም በደንብ አይታይም። በስሙ ከጠሩት ክስ ሊከተል ይችላል። በሌላ አነጋገር ሠሪዎቹ ያን ጠላት ያለ ስሙ ገድለው ተገላገሉት። ማክሎሪ በበኩሉ በ1983 የመጀመሪያውን የፊልም ቦንድ ሾን ኮነሪን መልሶ አምጥቶ «ኔቨር ሴይ ኔቨር አጌን»ን ሠራ፤ በዚያው ዓመት ዋነኞቹ ሠሪዎች በሮጀር ሙር «ኦክቶፐሲ»ን አወጡ። በአንድ ዓመት ሁለት ቦንዶች በሲኒማ ተፎካከሩ።

የዳንኤል ክሬግ ፊልሞች ላይ የሚነሳው ትልቁ ቅሬታም ሥሩ እዚሁ ነው። በ2006 እና በ2008 በወጡት ፊልሞች ከበስተጀርባ የሚሠራው የክፉዎች ቡድን በሁለተኛው ላይ ኳንተም ተባለ፤ ስፔክተር የሚለውን ስም መጠቀም አልተቻለምና። በኅዳር 2013 የማክሎሪ ወራሾች መብታቸውን ሁሉ ሸጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ «ስፔክተር» የሚል ርዕስ ያለው ፊልም ወጣ፤ ኳንተም የስፔክተር ቅርንጫፍ እንደነበር፣ ቀደም ሲል የመጡት ጠላቶች ሁሉ የአንድ ሰው መልእክተኞች እንደነበሩ፣ ሰውየውም ከቦንድ ጋር ያደገ እንደ ወንድም ያለ ሰው እንደነበር ተነገረን። ብዙዎች «ምን አስገደዳቸው?» ብለው ተናደዱ። ግዴታ አልነበረም፤ አርባ ዓመት ያህል ያልተጠቀሙበትን ስም ሲያገኙ ግን ያለፈውን ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሰው በእሱ ለማሰር ተጣደፉ። በእኔ አስተያየት የክሬግ ዘመን ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ አንድ ጥሩ ጠላት ለማግኘት ሲሉ ሦስት ፊልሞችን አሳነሱ።

በሳልትዝማን ወንበር ላይ ማን ተቀመጠ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1961 ሃሪ ሳልትዝማን የተባለ ፕሮዲዩሰር የቀሩትን የፍሌሚንግ መጻሕፍት ወደ ፊልም ለመለወጥ የሚያስችል ጊዜያዊ ውል በእጁ ነበረው፤ ገንዘብ የሚያወጣለት ስቱዲዮ ግን አላገኘም። አልበርት ብሮኮሊ፣ ወዳጆቹ «ከቢ» የሚሉት፣ በተቃራኒው ስቱዲዮዎቹን ያውቃል፤ ቦንድን ግን አላገኘም። ሁለቱ እኩል በእኩል ተሻረኩ። ፊልሞቹን የሚሠራውን ኩባንያ ኢዮን ፕሮዳክሽንስ፣ መብቱን የሚይዘውን ደግሞ ከሚስቶቻቸው ከዳና እና ከጃክሊን ስም ቆርጠው ዳንጃክ አሉት። ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለው ስቱዲዮ ገንዘቡን ሊያወጣና ሊያከፋፍል ተስማማ። የመጀመሪያው ፊልም «ዶክተር ኖ» በአንድ ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ተሠርቶ በጥቅምት 1962 ለንደን ላይ ታየ።

በዚህ ዘመን ክፍፍሉ ግልጽ ነበር። ስቱዲዮው ገንዘብ ያወጣል፣ ያከፋፍላል፣ ትርፉን ይካፈላል። ማን እንደሚጫወት፣ ማን እንደሚመራው፣ ታሪኩ ምን እንደሚሆን በዋናነት የሚወስኑት ሁለቱ ፕሮዲዩሰሮች ናቸው።

ከዚያ 1975 መጣ። ሳልትዝማን በሌሎች ሥራዎች ዕዳ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ድርሻውን፣ ማለትም የጠቅላላውን ግማሽ፣ ለዩናይትድ አርቲስትስ ሸጠ። ይህ ሽያጭ በአድናቂዎች ሙግት ውስጥ ብዙም አይነሳም፤ ለእኔ ግን በታሪኩ ውስጥ ከማንኛውም ተዋናይ መለዋወጥ የሚበልጥ ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ገንዘብ አውጪ የነበረው ስቱዲዮ ከዚያ በኋላ የቤቱ ባለቤት ሆነ። ዩናይትድ አርቲስትስን በ1981 ኤምጂኤም ገዛው። ኤምጂኤም ራሱ ከአንድ ገዢ ወደ ሌላው ሲንከባለል ቆየ፤ በ2010 ከሰረ፤ በ2021 አማዞን በ8.45 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ፤ ግዢውም በመጋቢት 2022 ተጠናቀቀ። አማዞን ከቦንድ ጋር የተሳሰረው በዚህ መንገድ ነው። ሳልትዝማን በዕዳ ምክንያት የለቀቀውን ወንበር፣ ከአርባ ሰባት ዓመት በኋላ ከዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ ተቀመጠበት።

በሌላው ወንበር ላይ ግን ቤተሰቡ እንዳለ ነበር። ከቢ በ1996 ሲሞት ሥራውን ልጁ ባርባራ ብሮኮሊና የእንጀራ ልጁ ማይክል ዊልሰን ይዘውት ነበር። ሁለት ቁልፍ እንዳለው በር ማለት ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይከፍተውም። ስቱዲዮው ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ ፊልም አይጀምርም፤ ቤተሰቡም ያለ ስቱዲዮው ገንዘብ አይሠራም።

መዘግየቱ የማን ጥፋት ነው?

«ብሮኮሊዎቹ ሰነፉ» የሚለውን ክስ በዚህ መነጽር ብናየው ግማሹ ይወድቃል። በ1989 ከወጣው «ላይሰንስ ቱ ኪል» እስከ 1995ቱ «ጎልደንአይ» ስድስት ዓመት አለፈ። ምክንያቱ የሐሳብ ድርቀት አልነበረም። ጃንካርሎ ፓሬቲ የተባለ ጣሊያናዊ ባለሀብት ስቱዲዮውን ሲገዛ፣ ለመግዣው የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት የቆዩትን የቦንድ ፊልሞች የቴሌቪዥን መብት አስቀድሞ ለመሸጥ አሰበ። ዳንጃክ ዋጋችንን የሚያረክስ ነው ብሎ ከሰሰ። ክርክሩ እስኪያልቅ የጊዜው ቦንድ ቲሞቲ ዳልተን ዕድሜው ሄደ፤ በ1994 ሚናውን ተሰናበተ። ከ2008 እስከ 2012 የነበረው ክፍተትም በአብዛኛው የኤምጂኤም ኪሳራ ያመጣው ነው፤ ዳይሬክተር ሳም ሜንዴስ ተቀጥሮ ሥራው ቆመ። የሚገርመው፣ ያ የግዳጅ እረፍት ስክሪፕቱን ለማብሰል ጊዜ ሰጠ፤ «ስካይፎል» ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

ከ2015 እስከ 2021 ያለው ስድስት ዓመት ግን የተደባለቀ ነው። ክሬግ ይቀጥል አይቀጥል ሲያመነታ ጊዜ ሄደ። ዳይሬክተር ዳኒ ቦይል ገብቶ በነሐሴ 2018 በሐሳብ ባለመግባባት ወጣ፤ ካሪ ፉኩናጋ ተተካ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ደግሞ ኮቪድ መጣ፤ በሚያዝያ 2020 ሊታይ የነበረው «ኖ ታይም ቱ ዳይ» በመስከረም 2021 ወጣ። እዚህ ላይ ፕሮዲዩሰሮቹ ድርሻ አላቸው፤ አድናቂዎቹም ቢቆጡ ትክክል ናቸው።

የዝግታው ትልቁ ጉዳት ሲኒማ መጠበቁ ብቻ አይደለም፤ የተዋናይ ምርጫንም ያጠብባል። ኮነሪ በ32 ዓመቱ ጀመረ፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት አምስት ፊልም ሠራ። ክሬግ በ38 ዓመቱ ብቅ አለ፤ አምስተኛው ፊልሙ ሲወጣ 53 ሆኖት ነበር። ስለዚህ በአራትና በአምስት ዓመት አንድ ፊልም የሚወጣ ከሆነ፣ በአርባ ዓመቱ የሚመረጥ ተዋናይ ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ፊልም ሲደርስ ሃምሳን ይሻገራል። አድናቂው «እገሌ ይሁን፣ አይደለም እገሌ» ሲል በእርግጥ የሚከራከረው ስለ ሰውየው ብቻ አይደለም፤ ፊልሞቹ በምን ያህል ጊዜ ይወጣሉ የሚለው ሳይታወቅ ዕድሜው ትክክል ነው አይደለም ማለት አይቻልም።

ቤተሰቡ ጠባቂ፣ ስቱዲዮው ስግብግብ?

ከሁለቱ ወገን አንዱን መልአክ ማድረግ ቀላል ነው። ታሪኩ ግን እንዲህ አይፈቅድም።

ለቤተሰቡ የሚመሰክረው ትልቁ ነገር 2005 ነው። ከዚያ በፊት የወጣው «ዳይ አናዘር ዴይ» በማይታይ መኪናውና በኮምፒውተር በተሠራ የማዕበል ላይ ሽርተታው ብዙ ቢተችም፣ የዋጋ ንረትን ካላሰላን እስከዚያ ከወጡት የቦንድ ፊልሞች ሁሉ የበለጠ፣ ከ430 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ነበር። ፒርስ ብሮስናን ለአምስተኛ ጊዜ ለመጫወት ዝግጁ ነበር። ገበያው «ቀጥል» እያለ ነው። ባርባራና ዊልሰን ግን ሁሉን ትተው ከዜሮ ለመጀመር፣ ቦንድን ገና ፈቃዱን እንዳገኘ ጀማሪ ሰላይ ለማድረግ፣ ለዚያም ብዙ ሰው የማያውቀውን ዳንኤል ክሬግን ለመምረጥ ወሰኑ። በጥቅምት 2005 ክሬግ በቴምዝ ወንዝ ላይ በወታደራዊ ጀልባ ለጋዜጠኞች ሲቀርብ የደህንነት ጃኬት ለብሶ ነበር፤ ጋዜጦች ለአንድ ቀን ሙሉ በዚያ ጃኬት ተሳለቁበት። ፀጉሩ ወርቃማ ነው፣ ቁመቱ ያንሳል ብለው ፊልሙን ላለማየት የዘመቱ አድናቂዎች ነበሩ። «ካዚኖ ሮያል» ወጥቶ ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ፤ ክሬግም ለብሪታንያው የባፍታ ሽልማት በምርጥ ተዋናይነት ታጨ። ያን ውሳኔ በድምፅ ብልጫ፣ ወይም ባለፈው ፊልም ገቢ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የሚወስን አካል ይወስነው ነበር ብዬ አላምንም።

የቦንድ ሞትም እንዲሁ ነው። ክሬግ ራሱ እንደተናገረው፣ በ2006 ከበርሊን ምርቃት ሲመለሱ መኪና ውስጥ ባርባራን የመጨረሻው ፊልም ላይ ሊገድለው ይችል እንደሆነ ጠየቃት፤ እሷም እሺ አለች። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ቃሏን ጠበቀች። ውሳኔውን የሚጠላ ሰው መብቱ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ለመስጠትም ለመፈጸምም ግን ያን ያህል ጊዜ በቦታው የሚቆይ ሰው ያስፈልጋል። የስቱዲዮ ኃላፊ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ስንቴ ይለወጣል?

በሌላ በኩል፣ ዛሬ አድናቂዎች የሚፈሩትን ነገር፣ ማለትም ከዋናው ታሪክ የተቀነጠሰ የጎን ፊልም፣ መጀመሪያ የፈለጉት እነዚሁ ፕሮዲዩሰሮች ናቸው። ሃሊ ቤሪ በ2002ቱ ፊልም የተጫወተችው ጂንክስ የተባለች አሜሪካዊት ሰላይ የራሷ ፊልም እንዲኖራት ስክሪፕት አስጽፈው፣ ዳይሬክተር መርጠው ነበር። በ2003 «አይሆንም» ያለው ኤምጂኤም ነው፤ ወጪውን ፈራ። «ቤተሰቡ ከስቱዲዮ ስግብግብነት ጠበቀን» የሚለውን አባባል እዚህ ላይ መቀጠል አይቻልም። የሆነው፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው መያዙ ነው። የሁለት ቁልፍ አሠራር ጥቅሙ ይህ ነበር።

በየካቲት 2025 ምን ተለወጠ?

ኤምጂኤም በአማዞን እጅ ከገባ በኋላ የሁለቱ ወገኖች ግንኙነት ቀዘቀዘ። በታኅሣሥ 2024 ዎል ስትሪት ጆርናል በመካከላቸው መፈናፈኛ የጠፋበት ፍጥጫ እንዳለ ዘገበ፤ ከሦስት ዓመት በላይ አልፎ ስክሪፕትም፣ ዳይሬክተርም፣ ተዋናይም አልተሰየመም። እዚህ ላይ ቤተሰቡን የምንወድ ሰዎች አንድ ነገር መቀበል አለብን። እምቢ ማለት መጥፎ ፊልም እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ፊልም ግን አይሠራም።

የካቲት 20 ቀን 2025 መግለጫ ወጣ። አማዞን ኤምጂኤም፣ ባርባራ ብሮኮሊና ማይክል ዊልሰን በጋራ ኩባንያ አቋቁመው የቦንድን መብት አብረው ይይዛሉ፤ የፈጠራ ሥራውን የማዘዝ ሥልጣን ግን ወደ አማዞን ኤምጂኤም ይዞራል። ልዩነቱ በሚገባ ይታይ። ቤተሰቡ የባለቤትነት ድርሻውን አልሸጠም፤ ከቦንድ የሚመጣው ጥቅም ይደርሰዋል። የለቀቀው «አይሆንም» የማለትን መብት ነው። «ቦንድ ለአማዞን ተሸጠ» የሚለው አባባል ስለዚህ ትክክል አይደለም፤ «ምንም አልተለወጠም፣ ቤተሰቡ አለ» የሚለውም እንዲሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በመጋቢት ወር ኤሚ ፓስካልና ዴቪድ ሄይማን ፕሮዲዩሰር ተደረጉ። ፓስካል «ካዚኖ ሮያል» እና «ስካይፎል» በሶኒ በኩል ሲከፋፈሉ የሶኒ ፒክቸርስ ኃላፊ ነበረች፤ ሄይማን የሃሪ ፖተር ፊልሞች ፕሮዲዩሰር ነው። በሰኔ የ«ዱን» ዳይሬክተር ዴኒ ቪልነቭ፣ በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ የ«ፒኪ ብላይንደርስ» ፈጣሪ ስቲቨን ናይት በጸሐፊነት ተሰየሙ። ሦስት ዓመት ያልተንቀሳቀሰው ነገር በአምስት ወር ሄደ። ስሞቹ ደግሞ ለሥራው የሚያስቡ ሰዎች የሚመርጧቸው ናቸው፤ ይህን አለመመስከር ፍርደ ገምድልነት ነው።

እንግዲህ ስጋቱ ከየት ይመጣል? ከገቢው ዓይነት። ኢዮን በዋናነት አንድ ንብረት የነበረው የቤተሰብ ኩባንያ ነው። አንድ ፊልም ክፉኛ ቢወድቅበት የሚደገፍበት ሌላ ነገር የለውም፤ ስለዚህ ይጠነቀቃል፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ከልክ በላይ ይፈራል። አማዞን ደግሞ በወር ወይም በዓመት ክፍያ ደንበኛ የሚይዝ አገልግሎት አለው። ለእንዲህ ያለ አገልግሎት በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ትልቅ ፊልም ብቻውን አይበቃውም፤ ደንበኛው በመካከሉ እንዳይሄድ የሚታይ ነገር ያለማቋረጥ መኖር አለበት። ስለዚህ የገንዘብ ኃላፊዎቹ ክፉም ባይሆኑ፣ ስለ ቦንድ አለቃ ጸሐፊ ስለ መኒፔኒ፣ ስለ ወጣቱ ቦንድ፣ ስለ ሌላ ባለ ሁለት ዜሮ ሰላይ ተከታታይ ድራማ ቢሠራስ የሚለው ሐሳብ ስብሰባ ላይ ደጋግሞ መምጣቱ አይቀርም። ቀድሞ ያን ሐሳብ የምትመልስ አንዲት ሴት ነበረች።

የስታር ዎርስ ምሳሌ እዚህ ላይ ሁሌ ይነሳል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። ዲዝኒ በ2012 ሉካስፊልምን በአራት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ፤ ከ2015 እስከ 2019 በየዓመቱ አንድ፣ አምስት ፊልም አወጣ። አራተኛው፣ የሃን ሶሎን ወጣትነት የሚተርከው፣ ገንዘብ አሳጣ። ከአምስተኛው በኋላ ለዓመታት ሲኒማውን ትቶ ወደ ቴሌቪዥን ተከታታይ ሄደ። ሆኖም ከእነዚያ ተከታታዮች መካከል «አንዶር» ብዙ ተመልካች ከፊልሞቹ በላይ የወደደው ሥራ ነው። እኔ የማነበው እንዲህ ነው፤ የጎዳው ብዛቱ ራሱ አይደለም፤ የሚወጣበት ቀን አስቀድሞ ተቆርጦ ታሪኩ በኋላ መፈለጉ ነው።

ማንም ያላነሳው ሰዓት

ይህን ሁሉ የሚያጣድፍ ሌላ ነገር አለ፤ የቅጂ መብት ዘመን። በብሪታንያ ሕግ የአንድ ደራሲ ሥራ ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይጠበቃል። ፍሌሚንግ የሞተው በነሐሴ 1964 ነው። ስለዚህ መጻሕፍቱ በብሪታንያ ጥር 1 ቀን 2035 ነፃ ይሆናሉ። በካናዳ ያን ጊዜ የነበረው ሕግ 50 ዓመት ስለነበር ከ2015 ጀምሮ ነፃ ናቸው። በአሜሪካ ግን ለእነዚህ መጻሕፍት የሚቆጠረው ከታተሙበት ጊዜ ጀምሮ 95 ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ እስከ 2040ዎቹ መጨረሻ ይቆያል።

ይህ ማለት ግን በ2035 ማንም ተነሥቶ የምናውቀውን ቦንድ ይሠራል ማለት አይደለም። ነፃ የሚሆነው መጽሐፉ ላይ ያለው ሰውዬ ነው። በፊልሞቹ የተፈጠረው ሁሉ፣ የጠመንጃ አፈሙዝ መክፈቻው፣ ዜማው፣ ለፊልም የተጻፉት ጠላቶችና ትዕይንቶች፣ የየራሳቸው ጥበቃ አላቸው። «007» የሚለው የቦንድ መለያ ቁጥርም የንግድ ምልክት ነው፤ የንግድ ምልክት ደግሞ ባለቤቱ እስከተጠቀመበትና እስካሳደሰው ድረስ ዘመን አይገድበውም። እንዲያም ሆኖ ለአንድ ኩባንያ አሥር ዓመት ሲቀረው ያለው ስሌት ሠላሳ ዓመት ሲቀረው ከነበረው ይለያል። ሌሎች የራሳቸውን ቦንድ ይዘው ከመምጣታቸው በፊት የእነሱ ቦንድ በሰው አእምሮ ውስጥ ጠንክሮ መቀመጥ አለበት። በእኔ ግምት ከ2035 በፊት ቢያንስ ሁለት፣ ምናልባትም ሦስት ፊልም ለማድረስ ይጣደፋሉ፤ የተዋናዩም ዕድሜ ከዚህ ስሌት ጋር ተያይዞ ይመረጣል።

ለዚህም ነው በቪልነቭ ፊልም ብቻ ተመሥርቶ ፍርድ መስጠት የማይቻለው። ማንኛውም አዲስ አዛዥ የመጀመሪያውን ሥራ ይጠነቀቅለታል፤ ጥሩ ሰው ይቀጥራል፣ ጊዜ ይሰጣል፣ ገንዘብ አይሰስትም። መታየት ያለበት ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ፊልም በደንብ ከተሸጠ በኋላ አንድ ዳይሬክተር «ስክሪፕቱ አልበሰለም፣ አንድ ዓመት ስጡኝ» ሲል የሚወጣበት ቀን ይገፋለታል ወይስ ዳይሬክተሩ ይለወጣል? የጎን ተከታታይ ድራማ ከታወጀስ፣ የሚታወጀው ጸሐፊ ከተገኘለት በኋላ ነው ወይስ የሚተላለፍበት ዓመት ብቻ ተነግሮ? እነዚህ ሁለት ነገሮች ባርባራ ብሮኮሊ ትሠራው የነበረውን ሥራ አሁን በኩባንያው ውስጥ የሚሠራ ሰው መኖር አለመኖሩን ያሳያሉ። እስከዚያ ድረስ ስለ ተዋናዩ መከራከራችንን እንቀጥል፤ ስሙ ሲወጣ ግን አብሮት የሚወጣውን ነገር፣ ለስንት ፊልም እንደፈረመና በመካከላቸው ስንት ዓመት እንደሚኖር፣ እንየው።